የስድስት ሰዓት ሚሊ

ከአሸዋ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ከደቻቱ ዳር፣
ቆርቆሮ ጣራ ሥር እኔ ነኝ ቆራጩ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት በዚያ በር።
ግማሽ ጆሮዬን ማሽኑ ወስዶታል፤ ቅንድቤ ብናኝ ነው፤
ሚስቴ «ራት ቀርቧል» ስትል «ስንት ሚሊ?» የምላት ሰው።

ባለፈው ሚያዝያ የሳቢያን ክሊኒክ መስኮት በእኛ እጅ ነበረ፤
ከአርባ ሁለቱ ዐሥራ አንዱ ማዕዘኑ አልገጥም ብሎ ቀረ።
ክፍተቷ ምን አላት? አንድ ሚሊ፣ ቢበዛ አንድ ተኩል፤
ለድሬ አቧራ ግን ያች ትበቃዋለች፣ የበሽተኛ አልጋ ላይ ለመዋል።

ባለቤቱ ሙክታር መጣ፤ ሲናደድ ምክር ያበዛል፦
«ዐሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ!» ይህን ማን ያጣዋል?
ለካሁ። ዐሥር ጊዜ። ዲስኩን አስሳልኩት፤
የዲስኩን ውፍረት፣ ሦስት ሚሊዋን፣ ከሒሳብ አስገባኋት።
የሜትሬ ጫፍ ላልቶ ይወዛወዝ ነበርና ዜሮውን ተውኩት፤
ከዐሥር ሳንቲም ጀመርኩ፤ በኋላ ቀነስኩት።
የማሽኑን አንገት በጎንያ ፈትሼ አቀናሁት።
መስኮቱ ግን ያው ነው፤
ማዕዘኑ ላይ ጥርሱን ገለጥ አድርጎ
የሚስቅብኝ ሰው።

ፊርዶሳ አለች፤ ላስቲክ የምትገጥም፣ ከመልካ ጀብዱ የምትመጣ፣
ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ድምፅ የማታወጣ።
የታናሽ ወንድሟን ያለቀ ደብተር በጀርባው ትጽፍበታለች፤
የቁራጩን ርዝመት፣ የተቆረጠበትን ሰዓት፤ ማንም ሳያዛት ይዛለች።
አንድ ማታ ደብተሩን ዘርግታ ልክ ልኬን ነገረችኝ፤
ክፉ ቃል አልወጣትም፤ በቁጥር ብቻ ነው ያሳፈረችኝ።

«እየው ጋሽ ጣሰው፤ የጠዋቱ ሁሉ ደህና ነው፤
የከሸፈው ግን ከስድስት እስከ ዘጠኝ የቆረጥከው ነው።
የመስኮቱን ላይኛ በጠዋት፣ ታችኛውን ቀትር፤
ደጅ ላይ ተደግፎ ፀሐይ ያበሰለው ዘንግ፣ ማታ በርዶ ቢያጥር፣
ሜትሩ ምን አጠፋ?»
                      ዝም አልኩ።
በማግስቱ ቀትር ላይ ወጥቼ አንዱን ቡናማ ዘንግ ጨበጥኩ።

ለበለበኝ።
ያኔ ነው አባቴ፣ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ጠጋኝ፣ ትዝ ያለኝ።
ምሳውን በሰሃን ቋጥሬ ስወስድለት በለገሃሬ በኩል፣
በሁለት ሐዲድ መሃል ሳንቲም አስገብቶ ክፍተት ሲያስተካክል፣
«ለምን አታጋጥመውም?» እለዋለሁ። ቀና ሳይል፣
«እኔ ምን አገባኝ? ቀትር ያጋጥመዋል» ይል።
«ብረትም ይተነፍሳል፤ መተንፈሻ ከከለከልከው
ተጣሞ ነው የሚከስህ፤ ዳኛውም ባቡሩ ነው።»

እንግዲህ ይህን በልጅነቴ ሰምቻለሁ።
ሰምቼም ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀዳዳ በሲሊኮን ደፍኛለሁ።

አሁን ዘንጉ የሚያድረው ውስጥ ነው፣ ጥላ ላይ ተጋድሞ፤
ለአንድ መስኮት የሚሆነው አራቱም ጎን በአንድ ጠዋት ይቆረጣል፣ ከአንድ ሜትር ተለክቶ፣ ከሦስት ሰዓት ቀድሞ።
ቀትር ላይ ላስቲክ እንገጥማለን፣ ብሎን እናጠብቃለን፤
ሙክታር «ማሽኑ ተኝቶ ይውላል» እያለ ያጉረመርማል፤ እንሰማዋለን።
«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ» የሚባለው ለአንጥረኛ ይሁንለት፤
እኔ ሲበርድ የምቆርጥ ነኝ፤ የእኔ ጥበብ ትዕግሥት።

ዐሥሩን መስኮት በአዲስ ሠርተን ለክሊኒኩ አስረከብን።
ዐሥራ አንደኛውን ግን፣ የከሸፈውን፣ እዚሁ ግድግዳችን ላይ ሰቀልን።
በማዕዘኑ በኩል አቧራ ይገባል፤ ፊርዶሳ በየጠዋቱ
ታብሰዋለች፤ «ይነቀል» ብላ ግን አታውቅም፤ ምን እንደሆን ምክንያቱ
አልጠየቅኳትም።

ትናንት ማታ ሚስቴ «ራት ቀርቧል» ብላ ተጣራች።
«መጀመሪያ ይብረድ» አልኳት።
እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ለካችኝ መሰለኝ፤
ምንም ሳትል ሄደች።